ከንድፉ የቀረው ድንጋይ

አባቴ ለመቀመጥ ሲሟገት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ተናገረ። ከዘራውን ተደግፎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ባስተማረበት ድምፅ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» እያለ፣ አዲሱ የከተማችን ስታዲየም ዙሪያውን ወንበር ብቻ ሊሆን እንደሚገባ አስረዳ። እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር፤ የምነሣውም እሱ ያለውን አንድ በአንድ ለማፍረስ ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ከዳገቱ ልጀምር። በአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ያለው አሮጌው ሜዳችን በአንደኛው ጎል ጀርባ የአፈር ጉብታ አለው፤ ድሮ ሜዳው ሲደለደል ከተዛቀው አፈር የተከመረ ነው ይባላል። እኛ ዳገቱ እንለዋለን። ወንበር የለውም፣ ጥላ የለውም። በበጋ አቧራ፣ በበልግ ጭቃ ነው። ግን ከበሮው ያለው እዚያ ነው፤ ጥሩምባው እዚያ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ የማያባራው ዘፈንም የሚነሣው ከዚያ ነው። ከምዕራብ ዓባያ በጭነት መኪና ተጭነው የሚመጡ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ከመኪና ወርደው ቀጥ የሚሉት ወደ ዳገቱ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ክለባችን ሦስት ለባዶ እየተመራ እንኳ አንገቱን አይደፋም። እኔ ሌላ ቦታ ሆኜ ኳስ አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም።

መጀመሪያ የወሰደኝ አባቴ ነው። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ አርባ ምንጭ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ወዳጆቹን ያገኘው ዳገቱ ላይ ነው፤ ጎል ሲገባ አጠገቡ ያለውን ሰው ማንነቱን ሳያውቅ አቅፎ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ እሑድ እሑድ ሆስፒታል ተረኛ ትሆን ስለነበር የሚተወኝ ቦታ አጥቶ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ያኔም አጭር ነበርኩ፣ ዛሬ ሃምሳ ሞልቶኝም ያው ነኝ። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር ዳገቱን ዞሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልግና እግሬ ሥር ያደርግልኛል። እሱ ላይ አቁሞኝ፣ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደሆነ በጆሮዬ ያስረዳኝ ነበር። ሒሳብም እንደዚያ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ዛሬ መዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር አልውልም ነበር።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ የምትታጠፍ ትንሽ ወንበር ይዞ መምጣት ጀመረ። ዳገቱ ላይ ግን ሁሉም የሚያየው ቆሞ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። «ምን ሆነ?» ይለኛል። «ወደ ውጪ ወጣ» እለዋለሁ። «አሁንስ?» ይለኛል። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጎል ገብቶ ዳገቱ በሙሉ ሲዘል እኔም አብሬ ዘልዬ ዘልዬ ዞር ብል፣ አባቴ በሰው እግር መሀል ቁጭ ብሎ ፊቱ ያለውን ሱሪ ያያል። ምን ሆነ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሜዳ መምጣት ተወና ቤት ሆኖ ጩኸቱን በመስኮት መስማት ያዘ። ቤታችን ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ ከጩኸቱ ብቻ ውጤቱን ያውቀዋል፤ ስገባ የሚነግረኝ እሱ ነበር።

በሜዳችን ምትክ የሚሠራው የአዲሱ ስታዲየም ንድፍ፣ በላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ከሥራ ወጥቼ ሄጄ አየሁት። ዙሪያውን ሰማያዊ ወንበር ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ፎቶ ሊነሡ ይመስል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዳገት የሚመስል ነገር አንድም ቦታ የለም። ከሥሩ ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥ የሚል ማስታወቂያ ነበረ። ደሜ ፈላ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚዘፍን ሰው የት አለ? የጸሎት ቤት መዘምራን እንኳ ሲዘምሩ ይነሣሉ። ከበሮ የሚመታ ሰው ወንበሩን ምን ያድርገው? ይህን ሁሉ ለብቻዬ እያወራሁ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ቤት ስገባ አባቴ ንድፉን ቀድሞኝ አይቶታል፤ ጎረቤት በስልኩ አንሥቶ ልኮለት ኖሮ በሁለት ጣቱ ሥዕሉን እየለጠጠ ያያል።

«ጥላ ፎቅ አለው» አለኝ። እንዲህ ፊቱ ሲበራ ካየሁት ቆይቷል።

«ዳገቱስ?» አልኩት።

«ዳገቱ ምን ይሆናል? ሰው ወንበር ሲሰጡት እምቢ ይላል?»

«ወንበር የለመነ ማን ነው?»

«እኔ» አለኝ።

እራት እስኪቀርብ ተከራከርን፣ ከእራት በኋላ ተኳረፍን።

የደጋፊዎች ማኅበራችን መሪ ከሴቻ ሲቀላ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ድምፁ ጥሩምባ አያስፈልገውም። እሱ ስብሰባ ጠራና ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰብን። አባቴም ከዘራውን ይዞ መጣ። ስታዲየሙን የሚያሠራው ኮሚቴም የምንለውን እንዲጽፍ አንድ ወጣት ኢንጂነር ልኮ ነበር። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጩኸት ብቻ ነው፤ አንዱ ወንበር ይላል፣ አንዱ ወንበር አንፈልግም ይላል፣ ኢንጂነሩ ብዕሩን ይዞ የማንን እንደሚጽፍ ጠፍቶት ይቁለጨለጫል።

ያኔ አንድ አዛውንት ገበሬ ከእግራቸው ሥር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጭተው ተነሡ። እኚህ ሰው ትውልዳቸው ከላይ ከጨንቻ በኩል ከደጋው ነው፤ አሁን ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ አትክልት አላቸው፣ ከዳገቱም ቀርተው አያውቁም። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተነሣ የሚጮህ ሰው አይኖርም፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። ጸጥ አልን። አጠር ያለ ጸሎት ጸለዩና ነገሩ በዱቡሻ ደንብ ይሁን አሉ። ዱቡሻ በየመንደሩ ሽማግሌና ሕዝብ የሚመክርበት ሜዳ ነው። ደንቡ ከባድ አይደለም። የሚናገረው ይቆማል፣ ሌላው ይቀመጣል፤ ተናጋሪው ጨረስኩ እስኪል ማንም አያቋርጠውም፤ ቃል አንድ ሳይሆንም ማንም ጥሎ አይሄድም።

አባቴ ግማሽ ሰዓት የቆመው ለዚህ ነው። አንደኛ፣ ሽማግሌም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ልጅም ኳስ የማየት መብት አለው አለ። ሁለተኛ፣ በጭቃው ስንንሸራተት ተደራርበን ወድቀን ክንዱ የተሰበረውን ሰው አስታወሰን፤ ሰውዬውም እዚያው ተቀምጦ ክንዱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሦስተኛውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። «ስታዲየም የሚሠራው ዛሬ ላለን ጉልበት አይደለም። ነገ ለሚኖረን ጉልበት ነው። እናንተም እዚህ ትደርሳላችሁ» አለና «ጨረስኩ» ብሎ ኮፍያውን አደረገ።

ሹፌሩ ግን አላስችል አለው። «ጋሼ፣ ለመቀመጥ ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ቆሙ እኮ!» ሲል ሾላው ሥር ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ለመቀመጥ ግን ሁለት ሰው ደግፎት ነው።

ተነሣሁ። ወደ አባቴ እንዳላይ ኢንጂነሩን እያየሁ ተናገርኩ። ወንበር አልጠላሁም፣ ሦስቱ ወገን ወንበር ይሁን፣ ጥላ ፎቁም ይሠራ፤ የአንዱ ጎል ጀርባ ግን ቆመን የምናይበት ደረጃ ይሁንልን አልኩ። የሚያንሸራትተው ጭቃው ነው እንጂ መቆማችን አይደለም፤ በወጉ በተሠራ ደረጃ ላይ ሰው ይቆማል፣ ይዘፍናል፣ አይወድቅም። ይህን ሁሉ ዘፈን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ብትገድሉት ስታዲየሙን ማን ይሞላላችኋል አልኩና ጨረስኩ። አባቴን በአደባባይ ስቃወም የመጀመሪያዬ ነው።

ኢንጂነሩ መልካም ልጅ ነው፤ እውነቱን ነገረን። «ኮሚቴው ቆሞ ማየት ሲባል ግፊያ ነው የሚታየው። እኔ ወረቀት ላይ ብጽፍ አያምኑኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው ጨዋታ ይመጣሉ። የምታሳዩአቸው ነገር ካለ አሳዩ» አለ።

አዛውንቱ ገበሬ ሣራቸውን እንደያዙ ተነሡ። «ደረጃ ምንድነው? እርከን ነው። እርከን ደግሞ እኛ እናውቃለን። እንሠራዋለን» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንተ ደግሞ አታልቅስ፣ እህቴ» አሉኝ። አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ ሲሉኝ ኖረዋል፣ እኔም ከሳቸው አፍ አንቺ ቢወጣ ቅር ይለኛል። ለነገሩ አላለቀስኩም ነበር። ቃል አንድ ሆነ፤ ወንበር ያሉትም ሳይቀሩ ይሞከር አሉ።

ሰኞ ማለዳ ከደጋው ሰባት ሰዎች ወርደው መጡ፤ የአዛውንቱ ዘመዶች ናቸው። ሲሚንቶ አልጠየቁም፣ ሽቦ አልጠየቁም። ድንጋዩን አንሥተው ያዩታል፣ ያገላብጡታል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ያሳርፉታል፤ ካረፈ በኋላ ፍንክች አይልም። አባቶቻቸው ተራራውን ከሥር እስከ ጫፍ ያለበሱት እንዲህ እያደረጉ ነው። እኛ ከታች ድንጋይ እናቀብላለን፣ ከግድግዳው ጀርባ አፈርና ጠጠር እንሞላለን። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሄዳለሁ፤ የእጄ ቆዳ ተላጠ፣ መዝገብ ቤት ፋይል ስገልጥ አለቃዬ ምን ነካሽ እስኪለኝ ድረስ። ሴቶቹ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ ያመጣሉ፤ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ ድካሙን ግን ያስረሳል። በሁለት ሳምንት ተኩል ዳገቱ ላይ ሰባት ደረጃ ቆመ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ከተማችን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

አባቴ አንድ ቀን ብቻ ጥላውን ዘርግቶ መጥቶ ከሩቅ አየው። «ግድግዳው ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ግን እኔ እዚህ ላይ ምን ሆኜ እወጣለሁ?» አለኝ። ውሃ ሊጠጣ እንደሆነ ጠየቅሁት።

የጨዋታው ቀን እሑድ ነበር። ከጸሎት ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም የወጣው ሰው በቀጥታ ወደ ሜዳ ጎረፈ። ሰባቱ ደረጃ ጢም አለ። ኮሚቴዎቹ አራት ሆነው፣ ኢንጂነሩ ከፊት፣ ከደረጃው ጎን ቆሙ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ነበር። ማንም አይገፋም፤ ኋላ ያለው ከፊት ያለውን አሻግሮ ያያል፤ ከበሮው ይመታል። እኔ ድንጋይ ሳልፈልግ በገዛ ቁመቴ ሁለቱንም ጎል አየሁ። በልቤ አለቀ፣ አሸነፍን አልኩ።

ከዚያ የበልጉ ዝናብ መጣ።

መጀመሪያ ጫማዬ ሥር ቀዘቀዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የቆምኩበት ደረጃ ውሃ ይዟል። የላዩም ይዟል፣ የታቹም ይዟል። ሰባቱም ደረጃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልተው ኩሬ ሆኑ። እረፍት ሳይደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አለፈ፤ የሹፌሩ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ከአራተኛው ደረጃ ተነሥቶ ተንሳፍፎ ሄደ። የተጋጣሚ ደጋፊዎች ከማዶ «ዓሣ አለ ወይ? ዓሣ አለ ወይ?» እያሉ ዘፈን አወጡብን። ከኮሚቴዎቹ አንደኛዋ ሴትዮ ጥላዋን ይዛ እስክትጎብጥ ሳቀች። ኢንጂነሩ ብቻ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅነው ያኔውኑ ነው። አዛውንቱ ገበሬ ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። «እጄ ነው» አሉ። «እጄ ውሃ ያዝ ተብሎ ነው የተማረው።» በደጋው እርከን ሲሠራ መሬቱ በትንሹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ተራራው ያዘነብላል፤ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ገደል እንዳይወርድ። ውሃ የሚያመልጠው እርከን የሠራ ሰው እዚያ ይታማል። ሰባት ባለሙያ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲሠራ አንዱም ልብ አላለም፤ እንዲያውም አሳምረው ወደ ውስጥ ነበር ያዘነበሉት። ሽማግሌው ከልብ አፈሩ።

ኢንጂነሩ ሲለየን ቀስ ብሎ «ሪፖርቱ የሚጻፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ አንድ ጨዋታ አለ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ነው። ጩኸቱን እንደሚያውቀው ሳቁንም አውቆታል።

«ተሳቀባችሁ?» አለኝ።

«አዎ፣ ተሳቀብን! ደስ ይበልህ፣ አሸነፍክ፤ ወንበርህን ይተክሉልሃል!» ጮኽኩበት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጮኼበት አላውቅም።

አባቴ ከዘራውን ፈልጎ ተነሣና ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ዕቃ ሲገለባበጥ ሰማሁ። ተመልሶ ሲመጣ አንድ ጥቅል ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል፤ ይህን ቤት ሲያሠራ ግንበኞቹ መሬቱን ያስተካከሉበት ቱቦ ነው። ውሃ ይሞላና ሁለቱን ጫፍ ሁለት ሰው ይይዛል፤ የትኛው ወገን ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ይታያል።

«ስሚ» አለኝ። «እኔ የምረታሽ በክርክር ነው። በዝናብ አልረታሽም።»

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳገቱ ሥር ተገናኙ። አባቴ የምትታጠፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የቱቦውን አንድ ጫፍ ይዞ፤ አዛውንቱ ሌላውን ጫፍ ይዘው ደረጃው ላይ። አባቴ በየእርምጃው አንድ ጣት ያህል ወደ ውጪ ያዘንብል ይላል። ሰውዬው እጃቸው እሺ አይላቸውም።

«ውሃ ከሄደ አፈር ይሄዳል» ይላሉ።

«እዚህ ማን ያርሳል? የሚቆምበት ሰው ነው» ይላል አባቴ።

«ሰውም ቢሆን አፈር ነው፣ መምህር።»

«አፈር ከሆነ ይድረቅ እንጂ አይርጠብ!»

ሹፌሩ ሚኒባሱን አቁሞ ይህን ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ነበር። ተጨቃጨቁ፣ አብረው ምሳ በሉ፣ እንደገና ተጨቃጨቁ። ሰባቱን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ፈታን፤ ድንጋዩን አንሥተን፣ አፈሩን ገፍተን፣ ጣት በጣት እየለካን መልሰን ካብነው። ሰው ደክሞ ሲቀር እኔ አልቀረሁም። ሲስቁብኝ የነበሩት ሰዎች ፊት በየድንጋዩ ላይ ይታየኝ ነበርና ድንጋዩ አይከብደኝም።

የመጨረሻው ቀን አዛውንቱ አንድ ነገር አደረጉ። በደጋው የእርከን ግድግዳ ሲካብ ሰው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚወጣበት ድንጋይ ከግድግዳው ወጣ ተደርጎ ይቀራል። እሳቸውም ከሦስተኛው ደረጃ ጫፍ፣ ሰው በሚወጣ በሚወርድበት መተላለፊያ ጋ፣ ከሌላው ሁሉ የሚሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው ግማሹን ግድግዳው ውስጥ ቀብረው ግማሹን አወጡት። መተላለፊያው ላይ ማንም ስለማይቆም ከድንጋዩ ፊት እስከ ሜዳው ባዶ ነው።

«መምህር፣ ና ቁጭ በል» አሉት።

አባቴ ከመተላለፊያው ሁለት እርምጃ ወጥቶ ተቀመጠ። እኔ ደረጃው ላይ ከጎኑ ቆምኩ። ያችን አጭር ቁመቴን ያን ቀን ወደድኳት፤ እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ትከሻና ትከሻችን እኩል ሆነ። አባቴ አንድ ጎል አየ፣ ሌላኛውን ጎል አየ። ድንጋዩን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ዝናቡም፣ ኮሚቴውም፣ እኛም በሰዓታችን ተገኘን። ዝናቡ ሲወርድ ዘፈናችንን ሳናቆም ሁላችንም እግር እግራችንን አየን። ውሃው ከደረጃ ደረጃ እየተንሸራተተ ሜዳው ዳር ወዳለው ቦይ ወረደ። ያቺ ስቃ የነበረች ሴትዮ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ጫማዋን አነሣች፣ አየችው፣ መልሳ ረገጠች። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ከጨዋታ ውጪ ምን ማለት እንደሆነ እንደገና ሊያስረዳኝ ሞከረ። ከእረፍት በኋላ ኳሷ ከማዕዘን ተሻምታ በግንባር ተገጭታ ገባች። ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ብድግ አለ። «አየሁት!» አለ። «በዓይኔ አየሁት!» ስሙን የማላውቀው አንድ ሰው አቅፎት ነበር። ያን ቀን አንድ እኩል ወጣን፤ እኔ ግን ዋንጫ የበላሁ ያህል ሆኜ ነው ቤቴ የገባሁት።

ኮሚቴው ተቀበለን። የደቡቡ ጎል ጀርባ ቆመን የምናይበት ደረጃ፣ ሌላው ወንበር፣ ምዕራቡ ጥላ ፎቅ ሆነ። አዲሱ ንድፍ ሴቻ ላይ ሲለጠፍ ሹፌሩ አባቴን፣ አዛውንቱንና እኔን ሚኒባሱ ላይ ጭኖ የሴቻን አቀበት ጥሩምባ እያስጮኸ ወጣው።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ንድፉን ተጠጋ። ጥላ ፎቁን በጣቱ አገኘው። የኔን ደረጃም በሌላ ጣቱ አገኘው። ከዚያ እንደ ልማዱ ከሥር ያለውን መለኪያ አንብቦ በሁለቱ ጣቶቹ መሀል ያለውን አሰላ።

«ከመቶ ሜትር ይበልጣል» አለ። ዞር ብሎም አየኝና «ድንጋዬስ የታለ?» አለኝ።

ንድፉ ላይ ድንጋዩ አልነበረም። ደረጃዎቹ ከመተላለፊያ እስከ መተላለፊያ ወጥ ናቸው። ሁለታችንም ያልነውን አግኝተናል፤ እሱ ወንበሩን፣ እኔ ደረጃዬን፣ መሀላችን ግን ሜዳው አለ። ኳስ አብረን ማየታችንን ራሳችን ተከራክረን፣ ራሳችን ድንጋይ ተሸክመን ለሁለት ከፍለነዋል። አባቴ ፊቴን አይቶ ቶሎ ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ ከጥላ ፎቅ መሀረብ አውለበልብልሻለሁ» አለ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄድኩ። በየደረጃው ጫፍ፣ መተላለፊያው ጋ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ይውጣ የሚል ማመልከቻ ይዣለሁ፤ ሹፌሩ ፈርሞበታል፣ አዛውንቱ ፈርመውበታል፣ ዳገቱ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ፈርሞበታል። ልጁ ንድፉ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ለአንድ ድንጋይ አይከፈትም አለኝ። «አንደኛ» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ የአባቴን ድምፅ ሆነብኝ። ዳገቱ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ ያ ቀን ሲመጣ ወገኖቹን ትቶ ማዶ መሻገር እንደሌለበት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ብዬ ነገርኩት። ጻፈው። ለኃላፊው አቀርባለሁ፣ ሐሙስ ተመለሺ አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። በሌላው ሳምንትም ሄድኩ። አሁን ጥበቃው ስሜን ሳይጠይቅ ያስገባኛል፤ ኢንጂነሩም አንድ ቀን በእርሳስ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን በደረጃው ጫፍ ላይ ሥሎ አሳይቶኛል። በእርሳስ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ነገር ነው።

አባቴ አሮጌው ሜዳ እስኪፈርስ ድረስ እሑድ እሑድ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ከቢሮ በተመለስኩበት ቀን ሁሉ ማታ ከመስኮቱ ዞር ብሎ «ምን ሆነ?» ይለኛል፤ ያኔ ከሰው ጀርባ ሆኖ እንደሚጠይቀኝ።

«ገና ነው» እለዋለሁ። «ነገም እሄዳለሁ።»